ለሦስት ቀን የተጠየቀች ልጅ

ቀየት፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ኮከብ፣

ከደጋው ብርድ ጋር ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔም ብሌንም ደህና ነን። በጎቹ ደህና ናቸው። ገብሱ ዘንድሮ ዛላው ከብዷል፤ ውርጭ ካልመታው ደህና ነው። ደብዳቤሽን ሹፌሩ አትናቴዎስ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ሰጠኝ። "ጋሽ ዳኜ፣ ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ፖስታ ቤት ሆኜ ቀረሁ እኮ፤ አንድ የፖስተኛ ቆብ ያሰፉልኝ እንጂ" አለኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ጊዜ ቆሜ፣ አንድ ጊዜ ተቀምጬ።

ያልሽው ገብቶኛል። ከጥምቀት በኋላ ልጅሽን ብሌንን ለሦስት ቀን እንድልክልሽ፣ አንቺም ፈቃድ ወስደሽ የልጆች መጫወቻ ፓርክ የሚሉትን እንድታሳያት፣ ከዚያም እንድትመልሻት። ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ከቀየት ገበያ ሌላ ምን አየች ብለሻል። እውነትሽን ነው። ዘመሮ ከተማ አንድ ጊዜ ወስጃት ነበር፤ ተኝታ ሄደች፣ ተኝታ ተመለሰች።

የጠየቅሽኝን እንደ አመጣጡ ልመልስ።

መኪና ያማታል ወይ ላልሽው፣ አላውቅም። አንቺን ያምሽ ነበር። መጀመሪያ ደብረ ብርሃን የወሰድኩሽ ዕለት አዲሱ ጋቢዬ ላይ አስታወክሽ፤ እናትሽ ይዘንጋሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ጋቢው ተመርቋል፣ ከእንግዲህ አይበላሽም" ብላ ስትስቅ መኪናው ሙሉ አብሯት ሳቀ። ጋቢው አሁንም አለ። የሳቁት ሰዎች የሉም፤ ማለት፣ አብዛኞቹ።

ትፈራለች ወይ ላልሽው፣ ጅብ አትፈራም። ዶሮ ትፈራለች።

ቁመቷ ስንት ነው ላልሽው፣ እዚህ ሜትር ያለው ልብስ ሰፊው ብቻ ነው፤ እሱም ለለቅሶ ራቤል ሄዷል። ስለዚህ ግድግዳ አስደግፌ፣ ከተረከዝ እስከ አናት፣ በክር ለካኋት። ክሩን ከደብዳቤው ጋር አጥፌዋለሁ። ሰው ቁመቱ ተለክቶ የሚገባበት ጨዋታ እንዳለ ገና መስማቴ ነው። እኛ ዘንድ ቁመቱ የሚለካው የሞተ ሰው ነበር። ይቅር በይኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አይጻፍም። ግን ወረቀቱ አንድ ነው፣ ልቀድደው አልችልም።

ከታች ጥግ ላይ በቀጭኑ የጻፍሽውንም አይቼዋለሁ። ብሌን አንቺን ማን ብላ እንደምታውቅሽ ጠይቀሻል። በሌላ ደብዳቤ እመልስልሻለሁ።

እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ከዓረብ አገር ከተመለስሽ ስምንት ወር ሆነ። ከአዲስ አበባ እኛ ቤት የአንድ ቀን መንገድ ነው። ልጅቱ ወደ አንቺ ከምትመጣ አንቺ ለምን ወደ እኛ አትመጪም?

አባትሽ ዳኜ

---

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ። በዚህ በኩል ጤና ነኝ። ለመልሱ አሥራ ሁለት ቀን ስለፈጀሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰበቡ ክሩ ነው።

የምሠራበት ኬክ ቤት ውስጥ ሊጥ የምንዳምጥበት ረጅም ጠረጴዛ አለ። ሰው ሲወጣ ጠብቄ ክሩን እዚያ ላይ ዘረጋሁት። አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት ሆነ። እንደገና ለካሁት። ያው ነው። ትቻት ስሄድ ጉልበቴን ይዛ ነበር የምትቆመው። አሁን ወገቤን አልፋለች። ክሩን ወገቤ ላይ አድርጌ አየሁት፤ አለፈኝ። ያ ሁሉ ልጅ እኔ በሌለሁበት በቀለ። ከዚያ ተቀመጥኩ። ባለቤቲቱ ገብታ "ዱቄት ዓይንሽ ገባ?" አለችኝ። አዎ አልኳት።

ደግሞ ክሩን አወቅሁት፣ አባቴ። እንዲህ አጥብቆ የሚፈትል ሌላ ሰው የለም። የእማዬ ነው። እንዝርቱን ጭኗ ላይ ስታሾረው፣ የበጉ ጠጉር ከጣቷ ሲወጣ፣ እኔ ከጎኗ ተኝቼ የሚያልቅ አይመስለኝም ነበር። ስንት ልቃቂት ቀርቶዎታል? ካልፈለጉ አይመልሱልኝ።

ስለ ፓርኩም ልንገርዎ። ባለፈው እሑድ ብቻዬን ሄጄ አየሁት። ልጅ ሳይዝ የገባ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጥበቃው "ልጅሽ የታለች?" አለኝ። "ትመጣለች" አልኩት። ማሽኑ ሰው አይወረውርም፣ አይስጉ። አንዲት ትንሽ ባቡር ዛፎቹን ትዞራለች። ከፍ ዝቅ የሚሉ የብረት ፈረሶች አሉ። ሆን ብለው የሚጋጩ ትንንሽ መኪናዎችም አሉ፤ የሚነዷቸው ልጆች ናቸው፣ ማንም አይቆጣቸውም። ከሁሉ በላይ ትልቁ ሽክርክሪት ነው፤ ሰው በተንጠለጠለ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሰማይ ድረስ ይወጣል። በሩ ላይ ቀጭኔ ተስሏል። አንድ ሜትር ከአሥር ላይ እጁን ዘርግቷል፤ አናቱ ከዚያ እጅ ያልደረሰ ልጅ አይወጣም። ብሌን ትደርሳለች። ከላይ ሆነን አገራችን በየት በኩል እንደሆነ ላሳያት ነው።

በአትናቴዎስ እጅ ሐምራዊ ቀሚስ ልኬአለሁ። በክሩ ልክ ነው የገዛሁት።

ስለ መምጣቴ፣ ኬክ ቤቱ ፈቃድ አይሰጥም።

ልጅዎ ኮከብ

---

ቀየት፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ኮከብ፣

ቀሚሱ ደረሰ። ያምራል። ብሌን ለብሳው ስትቆም እግሯ ጠፋ። ጎረቤታችን ጥሩሸዋ አይታ፣ "ኧረ ይቺ ልጅ ደብተራ ሆነች! ቅኔ ተቀበሏት" አለች። ልጅቱ ግን አላወልቅም ብላ፣ እየጠለፋት፣ እየወደቀች፣ ግቢውን ሙሉ ዞረች።

እኔ ያን ጊዜ ክሩን አስታወስኩ።

እንደ እኔ ያለ የባና ሸማኔ የበግ ጠጉሩን ድር ሲዘረጋ ልኩን ብቻ አይቆርጥም፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። የተሸመነው በሙቅ ውኃ ተረግጦ ነው ባና የሚሆነው፣ ሲረገጥ ደግሞ ይሰበሰባል። እግር የሚወስደውን አስቀድመሽ ትጨምሪያለሽ። ማንም አይቆጥረውም፣ እጅ ራሱ ያውቀዋል። አርባ ዓመት የሠራ እጅ ነው። ብሌንን ግድግዳ አስደግፌ ስለካት፣ አናቷ ጋ ስደርስ እጄ አልቆመም። አንድ ስንዝር አልፎ ቆረጠ። ልጅቱን ነገ ተረግጣ የምታጥር አስመሰልኳት።

እና ያለቀስሽበት ልክ ስሕተት ነው። አንድ ስንዝር ይመለስልሽ። ልጅሽ ያን ያህል አላመለጠችሽም።

ብቻ ቀጭኔው አያሳልፋትም። ልብስ ሰፊው ከራቤል ተመልሶ በሜትሩ ለካት። አንድ ሜትር ከሦስት ሴንቲ ናት። ይህን ስሰማ፣ እንግዲያ ለከርሞ ቢሆንስ አልኩ። እስከዚህ ጽፌ ደብዳቤውን ሦስት ቀን ሳልልከው አስቀመጥኩት። በስሕተቴ ደስ ብሎኝ እንደሆነ እያሰብኩ ነበር። ትንሽ ደስ ብሎኛል። ይኸው ተናገርኩ።

ዝግጅቱን ግን አልተውኩም። ዞሮ የማያውቅ ሰው ድንገት ቢዞር ይታመማል ብዬ፣ ውቂያው ላይ ፈረሱ ጀርባ ላይ አስቀምጬ አውድማውን አዞራታለሁ። መጀመሪያ አምስት ዙር፣ አሁን ሃያ ደርሳለች። አንቺንም በዚሁ አውድማ አዙሬሻለሁ። ይዘንጋሽ መንሹን ተደግፋ "ልጄን አዙረህ አዙረህ የማትመለስ አታድርጋት" ትለኝ ነበር። ፈረሱ ሌላ ነው። አውድማው ያው ነው። አቧራው እንኳ ያው ይመስለኛል።

ትናንት ስንዞር ብሌን፣ "አባዬ፣ አዲስ አበባ ያለው ፈረስም ገብስ ይወቃል?" አለችኝ።

"የብረት ነው አሉ።"

"ታዲያ ምን አግኝቶ ይዞራል?"

"እኔ እንጃ። ልጆች እንዲስቁ ይሆናል።"

"ካልሳቅንስ ይቆማል?"

ይህን ለአንቺ አሳልፌዋለሁ። አንቺ ጠይቂልን።

አሁን የጥጉን ጥያቄ ልመልስ። አታውቅም። "እትዬ ኮከብ" ነው የምትልሽ፤ ታላቅ እህቷ ትመስያታለሽ። እኔን አባዬ ትላለች፣ ይዘንጋሽን እማዬ ትላት ነበር። ማንም አላስተማራትም፤ ማንም አላረማትም። አንቺ እኛን ስትጠሪ በስልክ ሰምታ ነው የያዘችው። መጀመሪያ ሳቅን፣ ኋላ ለመድን። ይዘንጋሽ ስትታመም ንገራት አለችኝ፤ እሺ አልኩ። ከቀብር በኋላ ለቀስተኛው ሁሉ አንቺን ረስቶ "እናት የሌላት" እያለ አለቀሰላት፤ እኔ ከዳር ቆሜ ሰማሁ። ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ። ይኸው ሁለት ዓመት ሞላው።

አንቺም ንገሪኝ። ለፓርክ ሦስት ቀን የሚሰጥ ኬክ ቤት ለእናት ቤት አይሰጥም? መጫወቻውስ መጫወቻ ብቻ ነው? ወፍ የምትያዘው በጥሬ ነው። ልጅሽ ናት፣ ልከለክልሽ አልችልም። ካልመለስሻት ግን አስቀድሜ ልወቀው።

አባትሽ ዳኜ

---

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባቴ፣

ይህን ስጽፍ ሦስተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ቁጣ ነበር። ሁለተኛው ልመና። ሁለቱንም ቀደድኳቸው።

እትዬ። ቃሉን ብቻዬን፣ ቤቴን ዘግቼ፣ ጮክ ብዬ አልኩት። መጥፎ ቃል አይደለም። እርስዎም ክፉ አልሠሩም። ብዙ ቀን እንዲህ እያልኩ ነው የማድረው፣ አንዳንዴ አምነዋለሁ።

ስንዝሯን ግን ወስጃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ለከርሞ አይሁን። ሽክርክሪቱ ይቅርብን፤ ባቡሯ ቁመት አትጠይቅም። ፈረሱ ባንስቅም ይዞራል፤ ሄጄ ጠይቄላታለሁ። ሠራተኛው እንደ እብድ አየኝ።

ስለ ወጥመዱ እውነቱን ልንገርዎ። እዚህ ሰፈር ትምህርት ቤት ሄጄ ቅጽ ወስጄአለሁ። የእናት ስም የሚለው ላይ ስሜን ጻፍኩ። ሌላውን አልሞላሁትም፤ አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ስለዚህ ሐሳቡ አልነበረኝም ብዬ አልምልም። ግን ለሁለት ዓመት ብዬ ሄጄ ከአራት ዓመት በላይ የቆየሁት እኔ ነኝ። ከዚያች ልጅ ጋር ያለኝ ቀጠሮ ሁሉ ፈርሷል። ይህች ያልፈረሰች የመጀመሪያዋ ትሁን ብዬ ነው ሦስት ቀን ያልኩት። ሦስት ቀን ማለት ሦስት ቀን ነው። በአራተኛው ብሌን መንገድ ላይ ናት።

ስለ መምጣቴ ዋሽቻለሁ። ኬክ ቤቱ ይሰጣል።

እማዬ ማረፏን በስልክ የነገሩኝ ቀን እዚያ ዓረብ አገር የማገለግላት እመቤት እንግዳ ነበረባት። ሰሐን እያጠብኩ ነበር። ስልኩን ዘጋሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ሻይ አቀረብኩ። ሁለት ስኳር፣ አንድ ስኳር፣ ያለ ስኳር። ማን የቱን እንደጠጣ አሁንም አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲያ አላለቀስኩም፣ አባቴ። እርሜን አላወጣሁም። ለክሩ አለቀስኩ፣ ለልጄ ቁመት አለቀስኩ፣ ለእማዬ ግን የለም። ደጃችን ስደርስ መጮኽ አለብኝ። ሰፈሩ ይሰበሰባል፣ ሁለት ዓመት ዘግይታ የመጣችውን ሊያይ። ድምፄ እንቢ ቢልስ? ደረቅ ዓይን ይዛ ገባች ቢባልስ? ወይም ቢወጣ፣ መሬት ላይ ስንከባለል፣ ብሌን ከሰው መሐል ቆማ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየኝ እንዲያ ሆኜ ነው?

ስለዚህ ነው ፓርክ ያልኩት። መጀመሪያ ስስቅ ትየኝ ብዬ ነው።

አንድ ልመና ብቻ ቀረኝ። ሳትመጣ ይንገሯት። እኔ ብነግራት ከእርስዎ የቀማሁዎት ይመስለኛል። ከእርስዎ አፍ ትስማው።

ልጅዎ ኮከብ

---

ቀየት፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ኮከብ፣

ጥሩሸዋ ለልጅ ልጇ ክርስትና ወደዚያ ትመጣለች። በአንድ እጇ ይህን ደብዳቤ፣ በሌላው ብሌንን ይዛልሻለች። መጀመሪያ ልጅቱን ተቀበዪ። ደብዳቤው ይጠብቃል።

ነገርኳት። ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ፣ ሰው ሲበተን፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ዳገት ላይ ነው። ለአሥር ቀን ቃል ስመርጥ ቆይቼ የመጣልኝ ይህ ብቻ ነበር፤ "ኮከብ እህትሽ አይደለችም፤ እናትሽ ናት" አልኳት።

"እማዬማ ሞታለች።"

"እሷ የኮከብ እናት ናት። ያንቺ አያት።"

ጥቂት ሄደች። "አንተስ?"

"እኔም አያትሽ ነኝ።"

"አባቴ አይደለህም?"

"አይደለሁም።"

"ዱሮም አልነበርክም?"

"ዱሮም።"

ከዚያ ቀድማኝ ሄደች። ዳገቱ ላይ ሁልጊዜ እጄን ትይዝ ነበር፤ ያን ቀን አልያዘችም። ራት ስንበላ "አባዬ፣ ጨው" አለችኝ። ቆም አለችና፣ "አያቴ፣ ጨው" አለች። አቀበልኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተሳሳተችም። ልጅ ቶሎ ይማራል። እኔ ነኝ በየጊዜው ዘወር ብዬ ሌላ ሽማግሌ የምፈልግ።

ልታውቂያቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ራበሽ ወይ ሲሏት አልራበኝም ትላለች፤ ሁለተኛ ጠይቂያት። በር ሲዘጋ አትወድም። ስትተኛ የሰው ጆሮ መያዝ ትወዳለች፤ ቀኝ ይሁን ግራ ግድ የላትም። ሰው ሲያስቃት አፏን በሁለት እጇ ትሸፍናለች፤ ያን አንቺም ታደርጊ ነበር፣ ትዝ ይልሽ እንደሆነ። ቀሚሷን ጥሩሸዋ አጥፋ ሰፍታዋለች። አልቆረጠችውም፤ ስታድግ ይፈታል።

እርምሽን ስለማውጣት የጻፍሽውን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ሻይ ያቀረብሽበትን። እኔ ደግሞ እዚህ ሆኜ ልጄ ተመልሳ አልደወለችልኝም ብዬ ተቀይሜሽ ነበር። ሰፈሩ የሚለውን ተይው፤ ሰፈሩ እኔንም ብዙ ብሎኛል። ድምፅ እንቢ ካለ ዝም ብሎ መቀመጥም ለቅሶ ነው። እኔ ሁለት ዓመት እንዲያ ነው ያለቀስኩት፤ ማንም አላወቀብኝም።

ልቃቂት ስንት ቀረ ብለሽ ነበር። አራት። አልሸመንኳቸውም።

እንግዲህ ሦስት ቀን ነው። አልቆጥርም ብዬ አልዋሽሽም። ገብሱ ገብቷል፣ በጎቹ የሚጠብቃቸው አላቸው፤ ከመቁጠር ሌላ ሥራ የለኝም።

ዳኜ

---

አዲስ አበባ፣ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ። ይህን የምጽፈው ነገ ማለዳ ብሌንን መናኸሪያ አድርሼ ለጥሩሸዋ ስሰጣት፣ ደብዳቤውም አብሯት እንዲመጣልዎ ነው። ሦስቱ ቀን ዛሬ አለቀ።

ፓርኩን እሷ ትንገርዎ። እኔ ከነገርኩት ይበላሻል። ይህን ብቻ ልበል፤ መኪናም አላመማት፣ መዞርም አላመማት። ያመመው እኔን ነው። አፏን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀችብኝ።

ምን ብላ ጠራችሽ ብለው ይጠይቁኛል። ምንም አላለችኝም። እትዬም አላለች፣ ሌላውንም አላለች። ስትፈልገኝ ቀሚሴን ትጎትታለች። ትናንት ጆሮዬን ይዛ ተኛች። ክንዴ እስኪደነዝዝ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

የትምህርት ቤቱን ቅጽ አልቀደድኩትም። ቁጭ ብለን የምንነጋገርበት ነገር ነው፤ እርስዎም ባሉበት፣ እሷም ባለችበት። አሁን ግን ልጅቱ ትመለስ። ቃል ብዬአለሁ።

እስከዚህ ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥኩና ልብሷን ማጣጠፍ ጀመርኩ። አልጋው ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

"ያንቺስ?" አለችኝ።

"የእኔ ምን?"

"ልብስሽ። አትከቺውም?"

"እኔ ሥራ አለኝ። አንቺ ከጥሩሸዋ ጋር ነው የምትሄጂው።"

"አያቴ መደቡን ለሁለት ሰው አንጥፎታል እኮ። ትልቁን ባና አውጥቶ አራገፈው፤ አቧራው አስነጠሰኝ።"

"ማን ይመጣል ብሎ?"

ይህን እንኳ አታውቂም በሚል ዓይን አየችኝ። አባቴ፣ ይህን ለምን አልጻፉልኝም?

ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎተትኩት። ኬክ ቤቱን ነገ ከመንገድ ደውዬ እነግራቸዋለሁ። ከተቆጡም ይቆጡ፤ ይህን ደብዳቤም እኔው ራሴ አመጣልዎታለሁ። ጥቁሩን ቀሚስ ከታች አጥፌ ሳስቀምጥ እጄን ያዘችው።

"ይኼ ለምንድን ነው?"

"ለእናቴ ላለቅስበት።"

"እስካሁን አላለቀስሽም?"

"አላለቀስኩም። እንዴት እንደሚለቀስ ጠፋኝ።"

ከአልጋው ወረደች፣ ጥቁሩን ቀሚስ እንደገና በደንብ አጠፈችው፣ መለሰችው።

"እኔ አውቃለሁ" አለችኝ። "እዚያ ስንደርስ አሳይሻለሁ።"

ኮከብ